ውሻችን ይፈራል

ዝናብ የመታው ውሻ ሽታ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለሁላችሁ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ከዶፍ ሸሽቶ በረንዳችን ላይ ተጠጋ። ራሱን አራግፎ መስኮቱ ሥር ኩርምት አለ። ባሌ "በስመአብ! ይሄ ደግሞ ምን ይሸታል?" ብሎ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ቆም ብዬ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ምን ልበላችሁ፣ አንዴ ስቤው ጂንካ ነበርኩ፤ ሦስተኛ ክፍል፣ እግሬ በጭቃ ተለውሶ፣ የነሪ ወንዝ ከታች እየጮኸ።

ቤታችን ከተማው ዳር፣ ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ላይ ነበር። ከኛ በላይ የአሪ ገበሬዎች እንሰትና ቡና አለ፤ ከዚያ በላይ ጫካ ነው። አባዬ የመንዝ ሰው ነው፤ ሥራው የወባ መድኃኒት መርጨት ነበር። ፓምፑን ይዞ በጭነት መኪና ወደ ቱርሚ፣ ወደ አርቦሬ፣ አንዳንዴም እስከ ካንጋተን ይወርድና ሦስት ሳምንት አይመለስም። እማዬ የሳውላ ልጅ ናት። እሱ ሲሄድ እሷ፣ እኔ፣ ገና መዳህ የጀመረው ማሙሽና አንዲት ላም ከነጥጃዋ እንቀራለን።

የዚያን ዓመት በልግ ነብር ወረደ። መጀመሪያ ከላይ ሰፈር ፍየል ወሰደ። ቀጥሎ ሌላ ፍየል። ከዚያ የታች ጎረቤታችንን ትልቅ ውሻ፣ "አንበሳ" እያሉ የሚያቆላምጡትን፣ ሰው ሳይነክስ የማይውለውን ውሻ በላው። ጠዋት የተገኘው ሰንሰለቱ ብቻ ነበር። እኔና የሰፈሩ ልጆች ሄደን ሰንሰለቱን አየነው። ማንም አልነካውም።

አባዬ ከቆላ ሲመለስ እማዬ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነው የያዘችው።

"ስማኝ፤ ወይ ደህና ውሻ አምጣልኝ፣ ወይ እኔንም ልጆቼንም ሳውላ እናቴ ጋ አድርሰን። ነብር ልጄን እስኪወስድ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።"

"ኧረ ሴትዮ፣ ልረፍበት እንጂ!"

"ካረፍክ በኋላ ትሄዳለህ፤ ትሄዳለህ እኮ!"

እኔ ደነገጥኩ። ሳውላ የሚባለውን አገር አላውቀውም፤ የማውቀው ጂንካን ነው። ጂንካ እኮ መሐል ከተማው ላይ ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት! አውሮፕላን በሌለ ቀን ላሞች ይግጡበታል፤ ሲመጣ ዘበኛው አለንጋውን ይዞ ላሙንም ልጁንም አንድ ላይ ያባርራል። ሳውላ ይሄ ይኖራታል? እንጃ። ስለዚህ ውሻው እንዲገኝ ከእማዬ ይልቅ የጸለይኩት እኔ ነኝ።

ውሻ የሚመርጡት አባባ ታደሰ ናቸው። ከኛ በላይ የሚኖሩ የአሪ ሽማግሌ ናቸው። ታደሰ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ድሮ የገበሩለት ባለመሬት ነው ይባላል፤ በእናት አባታቸው ስም የምትጠራቸው ሚስታቸው ብቻ ነበረች። አማርኛቸው የራሳቸው ነበር። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋሉ። አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ አባዬንም፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርም፣ እኔንም "አንተ" ነው የሚሉት። ቃሉንም ሁሉ በአንድ ክብደት ነው የሚያስቀምጡት፤ የሚጠብቅ የለ፣ የሚላላ የለ። ይሄን ያዙልኝ፤ የዚያ ዓመት ጣጣችን በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ውሻቸው አምስት ወልዳ ነበር። አባዬ እኔን አስከትሎ ወጣ። ቡችሎቹን አንድ በአንድ አንስቶ አፋቸውን ከፍቶ ላንቃቸውን ያያል፤ ላንቃው ጥቁር የሆነ ውሻ ኃይለኛ ነው ይላሉ የሱ አገር ሰዎች። አባባ ታደሰ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩት። በመጨረሻ ሰለቻቸው።

"አንተ ጥርስ ትገዛለህ?" አሉት። "ተቀመጥ። ውሻ ራሱ ትናገራለች።"

የደረቀ የእንሰት ቅጠል በረጅም ገመድ አሰሩና ቡናው ሥር አስቀመጡት። የገመዱን ጫፍ ይዘው ጉቶአቸው ላይ ተመለሱ። ቡችሎቹ እናታቸው ሥር ይንጫጫሉ። እኛ ትንፋሻችንን ዋጥን። ድንገት ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ ትልቁ ጥቁር ቡችላ ተወርውሮ ቅጠሉ ላይ ወጣና ይዘነጥለው ጀመር።

"እሰይ! ይሄ ነው!" አለ አባዬ በጭብጨባ።

አባባ ታደሰ ጥቁሩን ዞር ብለውም አላዩት። እሳቸው የሚያዩት ደረቱ ነጭ የሆነውን ቀዩን ነው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ቅጠሉ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ሽማግሌው ገመዱን ጨበጥ ሲያደርጉ ነው ቀና ያለው። ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብሎ እናቱ ጀርባ ገባና፣ እዚያ ሆኖ ፊቱን ወደ ቅጠሉ አዙሮ የሚታረድ ነው የሚመስለው፣ ጮኸ!

"ይሄ ነው፤ ቀይዋ" አሉ ሽማግሌው። "ይፈራል።"

አባዬ ቀዩን አንስቶ አፉን ከፈተው። ላንቃው ጥቁር ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! "ይፈራል ካሉ ይፈራል" አለና ኮቱ ውስጥ ከተተው።

አባዬ የሰማው አጥብቆ ነው። እኔም የሰማሁት አጥብቄ ነው። አገር ምድሩ የሚፈራው፣ ሌባ ስሙን ሰምቶ መንገድ የሚቀይርለት ውሻ! ቁልቁል ስንወርድ የአባዬን ኮት እያየሁ እግሬ መሬት አልነካም። ስሙንም መንገድ ላይ አወጣንለት፤ መብረቅ።

በማግስቱ አባዬ ምላጭ ሳለ። በነሱ አገር የውሻ ጆሮ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ለራሱ ለውሻው ይሰጣል፤ እንደዚያ ሲሆን ይከፋል አሉ። አንዱን ጆሮ ጫፉን እንደቆረጠ የመብረቅ ጩኸት ሰማይ ነካ። አባባ ታደሰ በእንሰቱ መሐል እየሮጡ ወረዱና ምላጩን ከእጁ ነጠቁት።

"አንተ እብድ ነህ? እኔ የመረጥኩልህ ጆሮ ነው! ጆሮ!"

"ለውሻው አዝነው ነው" አለ አባዬ ወደ እማዬ ዞሮ እየሳቀ። መብረቅ እንደዚያው ቀረ፤ አንዱ ጆሮው ሙሉ፣ አንዱ ቆራጣ። አባዬም በሳምንቱ ወደ ቆላ ወረደ፤ ወባው በርትቶ ስለነበር በዚያ ዙር ወራት ቆየ።

እኔ ትምህርት ቤት ጉራዬን ነዛሁ። "ውሻችን ይፈራል!" እያልኩ፣ ፈዋን ጥርሴ ላይ ጭምቅ አድርጌ ይዤ። አብሮኝ የሚማር ደስታ የሚባል ልጅ ነበር፤ አያምንም። አንድ ቀን አምስት ልጆች አስከትሎ መጣ። መብረቅ ያን ጊዜ አድጎ ነበር፤ እግሩ ረዝሟል፣ ድምፁ ጎርንኗል። እኔ አጥሩ ላይ ቆሜ "ያዝ!" አልኩት። ወይ ጉድ! ልጆቹን ሲያይ ሽንቱን ለቀቀና፣ በእማዬ እግር መሐል ሾልኮ አልጋ ሥር ገባ።

ደስታ ሳቁን ጨርሶ እንባውን ጠረገ። "እውነቷን ነው እኮ! ውሻቸው ይፈራል!" አለ፤ ግን አላልቶ። በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ አላላው። አስተማሪያችን ሳይቀሩ "ዋና"ና "ዋና"፣ "ገና"ና "ገና" እያሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ሲያስተምሩ አንዱ ከኋላ "የአስቴር ውሻ" አለና እሳቸውም ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

የማይፈራው ነገር አልነበረም። ነጎድጓድ ይፈራል፤ ስሙ መብረቅ ሆኖ! የእማዬን ዘነዘና ይፈራል። ያ ጉረኛ አውራ ዶሮአችን ክንፉን ሲዘረጋ አልጋ ሥር ነው። እኔም በልጅ አእምሮዬ ድፍረት የሚገባው በአፍ ነው ብዬ በርበሬ በቆጮ ጠቅልዬ አጎረስኩት። አይ ልጅነት! ሦስት ቀን ሙሉ አነጠሰ፤ ከዚያ ቆጮም መፍራት ጀመረ።

እማዬ ግን አትስቅም ነበር። እሷ ሌላ ነገር ታይ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። መብረቅ አውሮፕላኑንም፣ ዳኮታውን፣ ይፈራ ነበር። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት፣ እኛ ምንም ሳንሰማ፣ ሰማዩ ባዶ ሆኖ ሳለ ማላዘን ይጀምራል። እማዬ የያዘችውን ጥላ "ላሟ!" ትላለች። እኔ ወደ ማረፊያው እሮጣለሁ፤ ላማችንን ፈትቼ ሜዳውን ለቅቄ ስወጣ ገና ዘበኛው አለንጋውን እየፈለገ ነው። የሌላው ላም ይገረፋል፣ የኛ አትገረፍም። አንድ ቀን እማዬ ሰማዩን አይታ፣ ውሻውን አይታ "ይሄ ፍጥረት ምንድን ነው?" ስትል ሰምቻታለሁ። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

አባዬ ሲመለስ ግን ሌላ ሆነ። ፓምፑን ከጀርባው ሲያወርድ መብረቅ በድንጋጤ ጫማው ላይ ሸና። በዚያ ላይ እኔ ከነውርደቴ የትምህርት ቤቱን ወሬ ዘረገፍኩለት።

"በቃ" አለ። "ቅዳሜ መኪናው ቱርሚ ይወርዳል። ሐመሮች ከብት የሚጠብቅ የወንድ ወንድ ውሻ አላቸው፤ ይሄን ወስጄ አስለውጠዋለሁ። ይሄ የእማማ ልጅ!"

እማዬ "ተወው ባክህ" አለችው። "እንግዲያው ሳውላ ትሄጃለሽ?" አላት። ወደ ምድጃዋ ዞረች። እኔም አልተማጸንኩለትም። አዝኜለት ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደስታ አፉን እንዲዘጋልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ መኪና ሊያስጭን ወጣ። እማዬ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረባት፤ ያን ጊዜ ከስብሰባ የሚቀር ሰው የለም። ማሙሽን በአንቀልባ አሳዘለችኝና "ጥጃዋን አውጪ፣ ውሻውን እሰሪ፣ ከቤት አትራቂ" ብላኝ ሄደች። ጉሙ ከተራራው ወርዶ አጥራችንን ሸፍኖት ነበር። ገመዱን ይዤ በሩን ከፈትኩ።

መብረቅ ከፊቴ ወጣ፤ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላው መጣ። ዞሮ አይደለም፤ ፊቱ ወደ ግቢው እንደሆነ፣ በመቀመጫው እየገፋ መጥቶ ጭኔ ላይ ተለጠፈ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። "ሂድ ወዲያ!" ብዬ ገፋሁት፤ ተመልሶ ተለጠፈ። አንድ እርምጃ ስሄድ እግሬ መሐል ገብቶ ይገፋኛል። ማሙሽ ከጀርባዬ ሊወድቅ ሆነ። ደሜ ፈላ። "አንተ ፈሪ! ያዋረድከኝ አይበቃህም?" ብዬ ጎኑን በቀኝ እግሬ በእርግጫ አልኩት፤ በሙሉ ጉልበቴ።

አልጮኸም። ለአውራ ዶሮ አገር የሚያናውጥ ውሻ ትንፍሽ አላለም። ተነሣና እንደገና እግሬ መሐል ገባ።

ያኔ ነው ቀጥ ብዬ የቆምኩት። ጥጃዋ አትጣራም። ሁልጊዜ በሩ ሲከፈት ትጮህ ነበር። ወፍም የለ። በጉሙ ውስጥ በረቱን ሳይ፣ ከበረቱ በላይ ካለው ዋንዛ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። አባዬ የረሳው ገመድ መሰለኝ። ጭነቱን የሚያስርበትን ረስቶ ሄደ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የገመዱ ጫፍ፣ ጫፉ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ታጠፈ።

እንዴት ወደ ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም። መብረቅ ግን እስክገባ አልቀደመኝም። ደፉ ላይ ቆሞ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔና ማሙሽ ካለፍን በኋላ ነው የገባው። በሩን ዘግቼ መወርወሪያውን ስጥለው ያ ዝምታው ፈነዳ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ማሙሽ አለቀሰ። ከላይ የአባባ ታደሰ ውሻ መለሰች፤ ከዚያ የታች ሰፈር፣ ከዚያ ተራራው በሙሉ።

እኔ በሩ ስንጥቅ ላይ ዓይኔን ለጠፍኩ። ነብሩ በጭንቅላቱ ቁልቁል ወረደ፤ አልቸኮለም። እግዚኦ፣ እንዴት ያምር ነበር! ጉሙ ውስጥ ቢጫው ደምቆ፣ ነጠብጣቡ ከቆዳው ጋር እየተንቀሳቀሰ። ጥጃዋ አጠገቡ ደርቃ ቆማለች። እሱ ግን በሩን ነው የሚያየው፤ ጩኸቱን። እኔን ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ወደ ጥጃዋ ገንዳ ሄዶ ጎንበስ አለና ውሃ ጠጣ። በገዛ ግቢያችን፣ እንደ ባለቤት! ከላይ የሰው እሪታ ሲመጣ ቀና አለ፤ ከአገጩ ውሃ እየተንጠባጠበ አጥሩ ጋ ደረሰ። ዘለለ አልልም። አለፈው። ጉሙ ብቻ ቀረ።

አባባ ታደሰ ጦራቸውን ይዘው ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ደረሱ። ዋንዛው ላይ ጥፍሩ የሰነጠቀውን አዩ፤ ጭቃው ላይ ዳናውን አዩ። ከዚያ ጦሩን ደጅ አቁመው ወደ ቤት ገቡ። እኔን ምንም ሳይሉኝ በሆዳቸው ተኝተው አልጋ ሥር አንገታቸውን አስገቡና ለመብረቅ በአሪኛ ረጅም ነገር ነገሩት።

ሲነሡ "አልነገርኩም? ይፈራል" አሉኝ።

"አባባ፣ ጠብቆ ነው ላልቶ?"

"ምኑ ነው የሚላላው?" አሉ ግራ ገብቷቸው። "ይፈራል! እንዲህ!" ብለው ሁለት እጃቸውን አንቀጠቀጡልኝ። "ጥቁሩ ቢሆን ነብር ጋ ይሄዳል። ሄዶ አይመጣም። ከዚያ ነብር ቤት ትመጣለች። ታች ያለው ውሻ ሄደ፤ አየህ ሰንሰለት? ይሄ አይሄድም። ይሄ ይሰማል፣ ይፈራል፣ ይናገራል። ሰው የሚጠብቅ እሱ ነው።"

 እሳቸው ገና ከጅምሩ የነገሩን እውነቱን ነበር፤ የመረጡትም ለዚሁ ነበር። ያጠበቅነው እኛ ነን።

እማዬ ከስብሰባው በሩጫ መጣች፤ ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቋል። ማሙሽን ከጀርባዬ መንጭቃ አውርዳ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ እኔን። አባዬ ከመኪናው ጋር ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዋንዛው ጋ ሄዶ የነብሩ ጥፍር በተወው ጭረት ላይ መዳፉን አኖረ፤ መዳፉ አልሞላውም። 

"ይሄ ውሻ ከዚህ ቤት ከወጣ እኔም እወጣለሁ" አለችው እማዬ ከኋላው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አባዬ ዞረና ሾፌሩን "አንተ ሂድ፣ ነገ እደርስብሃለሁ" ብሎ ሰደደው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዶፉ ወረደ። አባዬ ቤት ካለ ውሻ ቤት አይገባም፤ ቤት በውሻ ይረክሳል የሚል ሰው ነው። መብረቅ ይሄን ያውቃል። ሰውየው ሲገባ ወጥቶ ደጅ ዝናቡ ላይ ተቀምጧል። ነጎድጓዱ ባጓራ ቁጥር ጠቅላላ ሰውነቱ ይዘላል፤ ግን ከበሩ አይርቅም። አባዬ መደቡ ላይ ሆኖ ያየዋል። እማዬ አባዬን ታያለች። 

አባዬ ተነሣ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ጎንበስ አለ።

"ይግቡ" አለ።

እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባዬ እኮ አንቱ የሚለው ቄስ፣ ሽማግሌና አማቱን ብቻ ነው! እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አልሳቀም። መብረቅ ንቅንቅ አላለም። አባዬን ይፈራል፤ በምላጭ የነካው እሱ አይደል? አንዴ በሩን ያያል፣ አንዴ ሰውየውን። አባዬ ገባው። ከበሩ ወጣ፤ ወደ ዝናቡ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣበቀ።

ያኔ መብረቅ ገባ፤ የረጠበ ጠጉሩ ሽታ ቤቱን ሞላው። ወደ አልጋው የሚያስኬደው መንገድ እኔ በተቀመጥኩበት ዱካ አጠገብ ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመና እግሬን አየ። የቀኙን። ከዚያ በግድግዳው ጥግ በኩል፣ ጎኑን እያጠበበ፣ ዞሮኝ አለፈ።

እግሮቼን ወደ ላይ ሰብስቤ በቀሚሴ ሸፈንኳቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አላወረድኳቸውም።